ከጭነት ጋር የማትጫን በትር

መጀመሪያ ያየኋት ዴራ መናኸሪያ ላይ ነው። ከአሰላ በኢተያ በኩል ቁልቁል ወርጄ፣ ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈውን ሚኒባስ እየጠበቅሁ ነበር። ረዳቱ «ሲሬ! አርቦዬ! አቦምሳ!» እያለ ይጣራል፤ ፖርቶ መጋላው ላይ የሽንኩርት ጆንያ፣ የተጠቀለለ ፍራሽና ሁለት ቢጫ ጀሪካን ተደርድረዋል። በዚህ መሐል ነጠላቸውን አጣፍተው የለበሱ አንዲት እናት መጡ። በእጃቸው ቀጭን፣ ቀጥ ያለች፣ ከራሳቸው ከፍ የምትል ዘንግ ይዘዋል። ቅቤ ጠጥታ ወዝታለች።

ረዳቱ ገና ልጅ ነው፤ እጁም እንደ መናኸሪያ ልጅ ፈጣን ነው። «እማማ፣ እሷ እላይ ትሁን» ብሎ ሊቀበላቸው እጁን ዘረጋ። ዘንጓን ሳይነካት ሹፌሩ በሩን ከፍቶ ወረደ። አልጮኸም። የልጁን ክንድ ያዝ አድርጎ በኦሮምኛ አንድ ሁለት ቃል ተናገረው። ልጁ እጁን እንደ ተቃጠለ ሰው ሰበሰበና አንገቱን ደፋ። ሹፌሩ ጋቢና የተቀመጠውን ጎረምሳ በትሕትና አስነሥቶ እናትየዋን እዚያ አስቀመጣቸው። ዘንጓ ከእግራቸው ሥር ተነሥታ በትከሻቸው ላይ አልፋ እስከ ኋለኛው ወንበር ተጋደመች፤ ጫፏ ከጉልበቴ አጠገብ ደረሰ። ከጎኔ የነበረው ሰውዬ ጫፏ እንዳይነካው እግሩን ሰብስቦ፣ እስኪወርድ ድረስ እንደዚያው ተቀመጠ።

«ምንድን ናት?» አልኩት ቀስ ብዬ።

«ሲንቄ ናት። ዱላ እንዳትመስልሽ» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር፣ ወደ አርሲ ስመጣ ማስታወሻ ደብተሬን የሞላሁት በሌላ ነገር ነበር። ስለ ጭላሎ ተራራ ጽፌያለሁ፤ ስለ አሰላ የጠዋት ብርድ፣ ዓይን እስኪደክም ስለሚዘረጋው የስንዴ ማሳ፣ ከበቆጂ ተነሥታ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ስላጠለቀችው ደራርቱ ቱሉ ጽፌያለሁ። አርሲ ለእኔ የስንዴና የሯጭ አገር ነበር። ወደ አርቦዬ የምወርደውም እዚያ የምታስተምር ጓደኛዬ የጎረቤቷ ልጅ ስትዳር «ነይና ሠርግ እንይ» ብላ ስለጠራችኝ ብቻ ነበር። ከዴራ እስከ አርቦዬ ግን መንገዱን አላየሁትም ማለት ይቻላል። ደጋው ከኋላችን ቀርቶ አየሩ ሲሞቅ፣ ግራሩ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሲበዛ ይታወሰኛል። የቀረውን ሰዓት ያቺን ዘንግ ሳይ ነው የጨረስኩት።

አርቦዬ የጀጁ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ባጃጅ፣ ሻይ ቤት፣ የእህል መጋዘን፣ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን፤ በአንድ ዋና መንገድ ዙሪያ የተሰበሰበች፣ ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚቀላቀሉባት ከተማ። ስንወርድ ጓደኛዬ ቆማ ትጠብቀኛለች። እኔን ከማቀፏ በፊት ከጋቢና የወረዱትን እናት አየችና «አዮ!» ብላ ጎንበስ ብላ ሰላም አለቻቸው። አዮ እናት ማለት ነው። ለካ የሙሽሪት አክስት ኖረዋል። ሦስታችን አብረን ሄድን። በመንገድ ላይ ከፊታችን የመጡ ሁለት ወንዶች አዮን ሲያዩ ወደ ዳር ወጥተው ቆሙ፤ እስክናልፍም ጠበቁ። አዮ በምርቃት ቃል መለሱላቸው እንጂ አልተደነቁም። የተደነቅሁት እኔ ነኝ።

የዚያን ቀን ማታ፣ ጎመኑ እየተከተፈ፣ ሽንኩርቱ እየተላጠ፣ የሠርግ ቤት ሴቶች ጓዳ ሞልተው ሲንጫጩ፣ ከአዮ አጠገብ ተቀምጬ ጠየቅኋቸው። ጓደኛዬ አስተረጎመችልኝ።

ሲንቄ የአርሲ ኦሮሞ ሴት በተዳረች ቀን ከእናቷ የምትቀበላት በትር ናት። ሃሮሬሳ ከሚባል ዛፍ ትቆረጣለች። ያላገባች ልጅ የላትም፤ ያገባች ሴት ደግሞ እስክትሞት ትይዛታለች። ከብት አትነዳባትም፤ ሰው አትመታባትም። ቤት ውስጥ የራሷ ቦታ አላት። ለእርቅ፣ ለጸሎት፣ ለምርቃትና ለአቤቱታ ነው የምትወጣው። የያዘቻት ሴት ወዩ ናት። ወዩ ለሚለው ቃል በአማርኛ ልክ የሚሆን አላገኘሁለትም። ክቡር፣ የማይደፈር፣ ደፋሪውን የሚያስቀጣ፤ ሦስቱንም አንድ ላይ ማለት ነው።

አዲስ አበባ ያደግሁ ልጅ ነኝና ማኅበር ሲባል የማውቀው የእናቴን የማርያም ማኅበር ነው። በ21 ጽዋው ይዞራል፤ ደብተር አለ፤ የቀረች ትቀጣለች፤ ሙሴዋ ታዝዛለች። እድሩም ማኅተምና ሊቀመንበር አለው። ስለዚህ አዮን የጠየቅኋቸው እንደዚያው ነው፤ «ስንት አባል ናችሁ? ሰብሳቢያችሁ ማን ናቸው?» ጓደኛዬ ስትተረጉም ጓዳው ሁሉ ሳቀ። አዮ ግን ጥያቄዬን አክብረው መለሱልኝ።

«እናት ያላት፣ ያገባች ሁሉ አባል ናት። እናቷ ስታስገባት ሌላ ማን ይመዘግባታል?»

ይህ መልስ እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። ደብተር የለው፣ ማኅተም የለው፣ መዋጮ የለው፤ ግን ከእናት ወደ ልጅ ሲወርድ ሲዋረድ የቆየ የሴቶች ማኅበር። የመግቢያ ካርዱ አንዲት ቀጭን እንጨት።

የማኅበሩን ሥራ ስጠይቃቸው አዮ ታሪክ ጀመሩ፤ ጓዳውም ቀስ በቀስ ጸጥ አለ። ወጣት ሳሉ የሆነ ነው። አንዲት ጎረቤታቸው ወልዳ በቀነፋ ላይ ነበረች። ቀነፋ ወላድ በግንባሯ ላይ የምታስራት ምልክት ናት፤ ያቺን ያሰረች ሴት ለወራት ወዩ ናት፤ ክፉ ቃል እንኳ አይነገራትም። በአምስተኛው ቀን ሸነን ይደረግላታል፤ ሴቶች ተሰብስበው ገንፎ ያበሏታል፣ ይመርቋታል። ይህች ሴት ግን ገና ቀነፋዋን ሳትፈታ ባሏ በአንድ ማለዳ ተቆጥቶ መታት።

«ደጅ ወጥታ ጮኸች» አሉ አዮ። «‹ኢንተላ አያ!› አለች።»

ኢንተላ አያ፤ የእናቴ ልጅ። በአማርኛም እኮ የእናቴ ልጅ ስንል አንጀታችን ይላወሳል።

ያን ጥሪ የሰማች ሴት የያዘችውን ጥላ መውጣት አለባት። አዮ ሊጥ እያቦኩ ነበር፤ እጃቸውን እንኳ በወጉ አልታጠቡም፤ ሲንቄያቸውን ከቦታዋ አንሥተው ወጡ። የሰሙት ያልሰሙትን እየጠሩ፣ ከየበሩ እየወጡ፣ ከአንዱ ጎጥ ወደ ሌላው እየተቀባበሉ አንድ ጉዞ ሆኑ። የሚያለቅስ ሕፃን ለአባቱ ተተወ። ያልታለበች ላም በረት ውስጥ ታገሳለች። ምጣድ ላይ የተጣደው አረረ። ሴቶቹ እየዘመሩ ሄደው ከሰፈሩ ወጣ ብሎ ካለ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። አልተሳደቡም፤ ድንጋይ አልወረወሩም። ዝም ብለው ከቤታቸው ወጥተው ተቀመጡ።

«እስከ ማታ ወንዶቹ ቻሉት» አሉ አዮ። «ሲመሽ ጥጃው ከነእናቱ ጮኸ። ልጅ ጮኸ። እሳት ጠፋ። በማግስቱ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው መጡ።»

እርጥብ ሣር መያዝ ልመና ነው። ሴቶቹ ተነሥተው መንገድ ሲጀምሩ ሽማግሌዎቹ ከፊታቸው ሄደው ለመኑ፤ ከፊት ወንዝ አለና። ሲንቄ የያዙ ሴቶች ተቆጥተው ወንዝ ከተሻገሩ ለአገሩ ክፉ ነው ይባላል። ርግማናቸው ይፈራል። ወንዙ ሳይደርስ ባልየው ተጠርቶ መጣ። በሁሉም ፊት ጥፋቱን አመነ፤ በሬ ቀረበ፤ ታረደ። ሴቶቹ ከዚያ በኋላ መረቁት። ርግማን ሲጠብቅ የነበረውን ሰው መረቁት! አዮ ይህን ሲሉ ድምፃቸው ለሰለሰ። ልጁ እንዲያድግለት፣ ከብቱ እንዲረባለት፣ እጁ ለክፉ እንዳይነሣ መረቁት።

«ከዚያ በኋላ መታት?» አልኩ።

«ማን ደፍሮ?»

ከጓዳው ጥግ፣ ሽንኩርት ትልጥ የነበረችው ሴት ቢላዋዋን አስቀምጣ ትሰማ እንደነበር ያየሁት ያኔ ነው።

ሲንቄ የቤት ጉዳይ ብቻ ብትሆን ኖሮ እንኳ ይበቃኝ ነበር። ግን ከዚያም ታልፋለች። ሁለት ጎሳ ጦር ሲማዘዝ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በመሐል ይገባሉ። በሲንቄ መሐል ጦር መወርወር አይቻልም፤ የፈለገውን ያህል የተናደደ ሰው ቢሆን ይቆማል። ድርቅ ሲመጣ እርጥብ ሣርና ሲንቄ ይዘው ወደ ወንዝ ይወርዳሉ፤ አቴቴ ብለው ዝናብ ይለምናሉ። መካን ለሆነች ሴት ይጸልያሉ። አገሩ ሲጨነቅ የሚወጡት እነሱ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስታወስኩ። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲወርረን አዲስ አበባ ላይ በእቴጌ መነን የበላይ ጠባቂነት የሴቶች ማኅበር ቆሞ ነበር። ልዕልት ፀሐይም በግንባር ቀደምትነት ይሠሩበት ነበር። ወይዛዝርቱ ተቀምጠው ለቁስለኛ ፋሻ ያዘጋጁ፣ ለዘማች ልብስ ይሰፉ፣ የመርዝ ጋዝ መከላከያ ጭንብል ይሠሩ ነበር። ልዕልት ፀሐይ በስደት እንግሊዝ አገር ነርስነት ተምረው ተመልሰው በ1934 ዓ.ም. ገና በወጣትነታቸው፣ በወለጋ፣ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር አረፉ። ሸዋረገድ ገድሌ የውስጥ አርበኛ ሆነው ጥይትና መድኃኒት ለአርበኛው ሲያሾልኩ ተይዘው እስከ አዚናራ ደሴት ተጋዙ። ከበደች ሥዩም ባላቸው ከተገደሉ በኋላ ጦር እየመሩ ተዋጉ። የአገር ፍቅር ስንማር የተማርነው እነዚህን ነው፤ ልንማራቸውም ይገባል። ለቁስለኛ ፋሻ የምታዘጋጅ ሴት አገሯን እንደምትጠብቅ ማንም አይጠራጠርም። ታዲያ ቁስሉ ከመድረሱ በፊት፣ ጦሩ ሳይወረወር በመሐል የምትቆመዋስ? እኔ አርበኛ ብዬ እጠራታለሁ። ማንም እንዲህ ብሎ ሲጠራት ግን እስከዚያ ቀን አልሰማሁም ነበር።

የተማሩት አላዩዋትም ማለቴ አይደለም። በደርግ ዘመን ለዓመታት ያለ ፍርድ ታስራ የኖረችው፣ በኋላም በካናዳ የዩኒቨርሲቲ መምህርት የሆነችው ጋዜጠኛ ኩዌ ኩምሳ ስለዚህ የሴቶች ተቋም ጽፋለች። የገዳ ሥርዓት በኅዳር 2009 ዓ.ም.፣ እዚሁ አዲስ አበባ በተደረገው ስብሰባ፣ በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ሲንቄም አብራ ተነሥታለች። በ2011 ዓ.ም. መንግሥትንና ኦነግን ለማስታረቅ ሲሞከር አባ ገዳዎች ብቻቸውን አልነበሩም፤ የሲንቄ እናቶች፣ ሐዳ ሲንቄዎቹ፣ አብረው ተቀምጠዋል። የኦሮሚያ ብድርና ቁጠባ ተቋም ባንክ ሲሆን ስሙን ሲንቄ አለ። በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ያንን ስም ስንት ጊዜ አንብቤው አልፌያለሁ! አንድ ቀን እንኳ ምን ማለት ነው ብዬ አልጠየቅሁም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ደግሞም የሲንቄ ስም በሰፋበት ዘመን እሷ ራሷ እየሳሳች ነው። ጓደኛዬ በምታስተምርበት ትምህርት ቤት ያሉ አብዛኞቹ ልጃገረዶች የእናታቸውን ሲንቄ አላዩም። የሚዳሩት በቬሎ ነው፤ የሚጣሉት በስልክ ነው፤ የሚካሰሱት በፍርድ ቤት ነው። ፍርድ ቤቱ መኖሩ መልካም ነው፤ አንዲት የተደበደበች ሴት የሕግ ከለላ ሊኖራት ይገባል፤ በሬ አርዶ መታረቅ ብቻውን የማይበቃበት ጥፋትም አለ፤ በዚህ ላይ ጥርጥር የለኝም። ግን ሌሊት በአሥር ሰዓት «የእናቴ ልጅ!» ብላ ብትጮህ ከጎረቤቷ ማን ይወጣል? ከአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ይህን ማሰብ ያስፈራል። እኔ በምኖርበት ፎቅ ላይ ጩኸት ሲሰማ የሚዘጋ በር ነው የማውቀው።

በሃይማኖት በኩልም ጥያቄ አለ። አቴቴ ከሃይማኖት ጋር አይሄድም ብለው የሚያስተምሩ አሉ፤ ብዙ እናቶችም ትተውታል። አዮ ሙስሊም ናቸው፤ ማታ ላይ ወሬያችንን አቋርጠው ተነሥተው ውዱእ አድርገው ሰግደው ነው የተመለሱት። ይህንንም ጠየቅኋቸው። ዝም ብለው ቆዩና፣ «ለእሷ አልሰግድላትም። የእናቴ ቃል ናት፤ የእናቴን ቃል የት ልጣለው?» አሉ። ጓደኛዬ ስትተረጉም ድምጿ ተቆራረጠ። የእሷ እናት የሞቱት እሷ ሳታገባ ነው።

ሌሊቱን የሙሽሪት እናት ሲንቄዋን ሲያዘጋጁ አየሁ። እንዳየው ፈቀዱልኝ፤ መንካት ግን አልጠየቅሁም። አዲሷ በትር ገና ነጣ ያለች ናት፤ ጉጦቿ ተልገው ለስልሰዋል፤ በቢላዋ የተፋቀው ቦታ እንደ ጥርስ ያበራል። እናትየው ከጨርቅ ላይ ተቀምጠው፣ ቅቤውን በመዳፋቸው አቅልጠው፣ ከጫፍ ጀምረው ወደ ታች እየጨመቁ ቀቧት። አንድ ጊዜ ቀብተው አይተዉም፤ እንጨቱ ሲጠጣው ይጠብቁና ይደግማሉ። የአዮ ሲንቄ ከጎኗ ግድግዳ ተደግፋለች፤ እሷ በዕድሜ ብዛት እንደ ጠቆረ ማር ሆናለች፤ ከመካከሏ ዝቅ ብሎ፣ እጅ የሚይዛት ቦታ ላይ፣ ሰርጎድ ብላ ቀጥናለች። የአንዲት ሴት መዳፍ በዕድሜ ልኳ ያሳሳው እንጨት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳይ የአንዲትን ሴት ሕይወት መጀመሪያና ማምሻ አብሬ ያየሁ መሰለኝ። ቤቱ ቅቤና ጭስ፣ ከደጅ ደግሞ የታጨደ ሣር ይሸታል። እናትየው አላለቀሱም። ሲጨርሱ ሙሽራዋ መጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ በስልኳ መብራት እያበራች የእናቷን እጅ ተመለከተች። ምንም አላሉም፤ ሁለቱም።

በማግስቱ ጠዋት ግቢው ጮቆርሳ ሣር ተጎዝጉዞበት ሙሽራው ከነሚዜዎቹ መጣ። ዘፈኑን፣ ጭፈራውን፣ የእግር ምቱን ብጽፈው ሌላ ደብተር ይፈልጋል። ሙሽሪት ነጭ ቬሎ ለብሳለች፤ ጫማዋ ተረከዙ ረዥም ነው፤ ፀጉሯ አዳማ የተሠራ ነው። ልትወጣ ስትል እናትየው ከሴቶቹ መሐል ወጥተው ሲንቄዋን ሰጧት። በሁለት እጇ ተቀበለች። አዮና ሌሎቹ እናቶች የየራሳቸውን ይዘው ዙሪያዋን ቆመዋል፤ ስንት በትር እንደነበረ አልቆጠርኩም። በዚያች ደቂቃ ያቺ ልጅ አባል ሆነች። መዝጋቢ አልነበረም።

መኪናዋ በሪባንና በአበባ የተሸለመች ነጭ ኮሮላ ናት። ሚዜዎቹ ሙሽሪትን ከኋላ አስቀመጧት፤ ቬሎው ተሰብስቦ ገባ። ሲንቄዋ ግን አልገባችም። ከበሩ አስገብተው ቢያጋድሟት ረዘመች፤ ወደ ፊት ቢገፏት የሹፌሩን መስታወት ነካች። አንዱ ሚዜ «በኋላ በሚኒባሱ ትምጣ» ማለት ሲጀምር ከሴቶቹ በኩል ድምፅ ተሰማ፤ ቃሉን ሳይጨርሰው ተወው። ሹፌሩ ወርዶ የኋላውን መስኮት እስከ ታች ከፈተ። ሙሽሪት በትሯን በመስኮቱ አወጣቻት፤ ቅቤው በነጩ ጓንቷ ላይ ታተመ፤ አላበሰችውም። ኮሮላዋ የመኪና ጥሩምባ በሚያሰማው አጃቢ መሐል ተንቀሳቀሰች፤ በዋናው መንገድ ከፊት የመጡት ባጃጆች ገና ከሩቅ ወደ ዳር እየወጡ ቆሙ። የሲንቄዋ ጫፍ ከመስኮቱ ወጥቶ፣ በአርቦዬ ፀሐይ እያበራ፣ እስከ መታጠፊያው ድረስ ታየኝ።